ሜታካም፦ ለአሮጌው ውሻችን የታዘዘው የሕመም ማስታገሻ

ፍራንክፈርት ከእኛ ጋር የሚኖረው ቡቺ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶታል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ከደረጃው ሥር ቆሞ ወደ ላይ ያንጋጥጥ ጀመር፤ የፊት እግሩን ያነሣና መልሶ ያወርደዋል። ስላልጮኸ እርጅና ነው ብለን ዝም አልን። የእንስሳት ሐኪሟ ግን ዳሌውን በቀስታ ስትዘረጋው አንገቱን መለስ አድርጎ ከንፈሩን ሲልስ አይታ ሕመም መሆኑን ወዲያው ነገረችን፤ ራጅ ካነሣችው በኋላም ለመገጣጠሚያው ብግነት ሜታካም አዘዘችለት።

የመድኃኒቱ ንጥረ ነገር ሜሎክሲካም ሲሆን፣ የሚሠራውም ብግነትንና ሕመምን የሚያባብሱት፣ ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች በሰውነት ውስጥ እንዳይመረቱ በመግታት ነው። ፈሳሹ ወፈር ያለና የማር ጣዕም ያለው ስለሆነ ቡቺ ከምግቡ ጋር አንድም ሳያስተርፍ ይልሰዋል። ይበልጥ የወደድኩት ግን አብሮት የሚመጣውን ስሪንጅ ነው፤ የተሰመረው በውሻው ክብደት ስለሆነ ለ18 ኪሎው ቡቺ እስከ 18 መሳብ ብቻ ይበቃል። ሆኖም ልኩ የተሠራው ለዘወትሩ መጠን፣ ማለትም በኪሎ ለ0.1 ሚሊ ግራም ነው፤ በመጀመሪያው ቀን የሚሰጠው የዚህ እጥፍ መሆኑን ከሐኪም አፍ መስማት ያስፈልጋል። ቡቺ በአራተኛው ቀን፣ ቀስ እያለ ቢሆንም፣ ደረጃውን ሳያርፍ ወጣ።

መድኃኒቱ ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪሟ አስቀድማ ደሙን መርምራዋለች፤ ካስመለሰው፣ ምግብ እምቢ ካለ ወይም ሰገራው ከጠቆረ መስጠቱን አቁመን እንድንደውልላት፣ ኮርቲሶን ከተባለው ሌላ የብግነት መድኃኒትም ጋር እንዳናደባልቀው አስጠንቅቃናለች።

ድመት ያላችሁ ግን ከውሻው ጠርሙስ ፈጽሞ እንዳትቀዱ እለምናችኋለሁ። የውሻው በሚሊ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲይዝ ለድመት የተዘጋጀው 0.5 ብቻ ነው፤ በአውሮፓ ለረጅም ጊዜ ሕመም የሚፈቀድላትም በኪሎ 0.05 ሚሊ ግራም ነው። በአሜሪካ ደግሞ ለድመት ደጋግሞ መስጠት ለኩላሊት መድከምና ለሞት እንደሚዳርግ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል።

እናቴ ለጥየቃ መጥታ ሳለ ድመታችን ስታነክስ አይታ፣ «ልጄ፣ ፓናዶል ቆርሰሽ ስጫት እንጂ» ብላኝ ነበር፤ ከርኅራኄዋ ነው። የድመት ጉበት በፓናዶል ውስጥ ያለውን ፓራሲታሞል ማስወገድ ስለማይችል ግማሽ ፍሬ እንኳ ልትገድላት እንደምትችል ስነግራት ደንግጣ ፓኬቱን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ዘጋችበት።