«ይሄ አያስፈልግዎትም» ላለኝ ባለሙያ

የመስክ መኪና የሚነዳ ሰው ያንን ድምፅ ያውቀዋል። ከግራም ከቀኝም ቁጥቋጦ የተጋጠመበት ጠባብ መንገድ ውስጥ ሲገቡ፣ እሾሃም ቅርንጫፍ ከፊት በር ጀምሮ እስከ ኋላ መብራት ድረስ እየፋቀ ሲያልፍ የሚሰማው ሲጢጥታ። ባለፈው ወር እኔም ሰማሁት። ወርጄ ሳይ የሾፌሩ በር ላይ ሦስት ረጃጅም ጭረቶች ተጋድመዋል። በማግስቱ መኪናው ፀሐይ ላይ ሲውል ሁለቱ ጠፉ። ሦስተኛው ዛሬም አለ፣ ግን ያለው ቀለሙን ከጭረትና ከድንጋይ እንዲጠብቅ ባለበስኩት ግልጽ ፊልም ላይ ነው፤ ቀለሙ ዘንድ አልደረሰም። ፊልሙን ላለበሰልኝ ባለሙያ ይህን ምስጋና ለመጻፍ የተነሳሁት ያን ቀን ነው።

ከዚህ ባለሙያ ጋር ከመገናኘቴ በፊት ሌላ ቦታ ሴራሚክ የሚባለውን የቀለም መከላከያ ቅብ አስቀብቼ ነበር። «ድንጋይም ቅርንጫፍም አይነካውም» ተብዬ አመንኩ። እውነት ለመናገር መኪናው እንደ መስታወት አበራ፣ ውሃም አላስጠጋ አለ። ነገር ግን ኮረኮንች ላይ ሦስት ሳምንት እንደሠራሁበት የኮፈኑ የፊት ጠርዝ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆነ። ሴራሚክ ጥቂት ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ብቻ የሆነ ስስ ሽፋን መሆኑን፣ ጭቃና ቆሻሻ በቀላሉ እንዲለቅ ቢያደርግም የሚወረወር ድንጋይን የማቆም አቅም እንደሌለው የተረዳሁት በኋላ ነው። የነገረኝም ይኸው ልጅ ነው። የቀደመውን ሠራተኛ ሳያጥላላ፣ «ሴራሚክ መጥፎ አይደለም፣ ሥራው ሌላ ነው» ብሎ።

መኪናውን ወስጄ «ከአናቱ እስከ እግሩ ፊልም አልብስልኝ» አልኩት። ወዲያው ዋጋ ይነግረኛል ብዬ ስጠብቅ መብራትና አንዲት ትንሽ የቀለም ውፍረት መለኪያ ይዞ መጣ። መለኪያዋን እያንዳንዱ ላሜራ ላይ እያስጠጋ ቁጥር ይጽፍ ጀመር። የፋብሪካ ቀለም ከሥር ያለው ፕራይመር፣ መሃል ያለው ቀለምና ከላይ ያለው ክሊር የሚባለው ግልጽ ቅብ ተደምረው ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ናቸው፤ የሁለት የፀጉር ዘለላ ውፍረት ያህል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ክሊሩ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። ጥፍር የማይዘው ጭረት እዚያ ክሊር ውስጥ ስለሚቀር በፖሊሽ ሊጠፋ ይችላል፤ ሆኖም ፖሊሽ በተደረገ ቁጥር ክሊሩ እየሳሳ ይሄዳል። ጥፍር የሚይዘው ግን ከዚያ አልፏል። ለዓመታት መኪና እየነዳሁ ቀለም እንዲህ ስስ መሆኑን አላውቅም ነበር።

የግራ የኋላ ፓራፋንጎ ላይ ሲደርስ መለኪያዋ ከ300 በላይ አነበበች። «ይሄ እንደገና ተቀብቷል። መቼ ነው?» አለኝ። ከተቀባ ሦስት ሳምንቱ ነበር። ራሱን ነቀነቀ። «ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ገና ቲነሩን እየተነፈሰ ነው። አሁን ፊልም ባለብሰው ይታፈናል። ሁለት ወር ይቆይና ይምጡ» አለኝ። በኋላ ፊልሙ መነሳት ቢያስፈልግ በደንብ ያልያዘ ቀለም አብሮ ተልጦ ሊወጣ እንደሚችልም አስረዳኝ። ለመክፈል ተዘጋጅቼ የሄድኩበትን ሥራ «አልሠራም» ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ቀጥሎ ጣሪያውንና የኋላ በሩን ከዝርዝሩ ሰረዘ። «ይሄ አያስፈልግዎትም። ድንጋይ እዚህ አይመጣም» አለና ዙሪያውን እየመራ ድንጋይ የሚመታበትን አሳየኝ። የኮፈኑ የፊት ጠርዝ፣ ባምፐሩ፣ የእስፖኪዮው ጀርባ። እነዚህን እኔም እገምት ነበር። ያልጠበቅኩት የጎኑን ነው። ከፊት ጎማ ኋላ ያለው የበሩ የታችኛው ክፍልና ከኋላ ጎማ ፊት ያለው የፓራፋንጎ ጥግ ከኮፈኑ የባሰ ተቦጫጭቀዋል። የሚወረውረው ደግሞ ሌላ መኪና ሳይሆን የራሴ ጎማ ነው! ሰፊ ጎማ ሳስገጥም ከፓራፋንጎው ወደ ውጭ ስለወጣ ገረጋንቲውን እያነሳ የሚመታው የራሴን በር ነበር። «መጀመሪያ የጭቃ መከላከያ ጎማና የፓራፋንጎ ማስረዘሚያ ያስገጥሙ፣ ያለዚያ የማለብሰውን ፊልም ይኸው ጎማ ይበላዋል» አለኝ። ሁለቱንም እሱ አይሸጥም። ሄጄ አስገጠምኩና ተመለስኩ።

ከበሩ ሥር ላለው ደፍ ፊልም ሳይሆን የፒካፕ ጭነት ቦታ የሚቀባውን ዓይነት ሸካራ ፖሊዩሬቴን፣ ማለትም ጠንካራ የፕላስቲክ ቅብ መከረኝ። በጭቃ ጫማ የሚረገጥ፣ ድንጋይ ሲፈነጠርበት የሚውል ቦታ ስለሆነ። ያም ቢሆን «ይሄ እንደ ፊልም ተልጦ አይነሳም፣ አስበውበት ይወስኑ» ብሎ አንድ ቀን ሰጠኝ።

ፊልሙ ራሱ ግልጽ ፖሊዩሬቴን ነው፤ ውፍረቱ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ስለሚሆን ከቀለሙ ከራሱ ይወፍራል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ በቬትናም ጦርነት ጊዜ የሄሊኮፕተር ክንፎችን ከአሸዋና ከፍንጣሪ ለመጠበቅ የተሠራ ፊልም ነው። የአሁኑ ፊልም ከላዩ ያለው ሽፋን ሙቀት ሲያገኝ ተመልሶ ስለሚለሰልስ ቀላል ጭረት ራሱን ያጠፋል። የእኔም በር ላይ የሆነው ይኸው ነው። ፊልሙን ሰንጥቆ የገባ ጭረት ግን አይድንም፤ ይህን የነገረኝ ፊልሙን እንዲያለብስልኝ ከመስማማቴ በፊት ነው። ሹል ድንጋይ በፍጥነት ከመጣ ሊበሳው እንደሚችል፣ ዓመታት ሲቆይ ሊያረጅና ሊቀየር እንደሚገባም ጭምር።

አብዛኛው ጊዜ የሄደው ከማልበሱ በፊት ባለው ዝግጅት ነው። ኮፈኑ ላይ የነበሩትን ቡጭቅጫቂዎች አንድ በአንድ አጸዳ፤ ዝገት የጀመራቸውን እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ ፈቀፈቀ፤ ፀረ ዝገት ፕራይመር ቀብቶ በመኪናው የቀለም ኮድ የተቀመመውን ቀለም በቀጭን ብሩሽ ስስ ስስ አድርጎ እየደረበ ሞላቸው። እሱም ደርቆ እስኪጠና ሌላ ቀን ጠበቅን። ዝገት ላይ ፊልም ማልበስ መግል የያዘ ቁስልን በፋሻ መጠቅለል ነው፤ አይታይም እንጂ ከሥር መብላቱን አይተውም። ከዚያ እጥበት፣ ቀለሙ ላይ የተጣበቀውን ቅንጣት ሁሉ ለዚሁ በተሠራ፣ እንደ ሊጥ በሚለጠጥ ልዩ ጭቃ ማንሳት፣ በአልኮል መጥረግ።

ፊልሙን መኪናው ላይ ዘርግቶ በምላጭ አልቆረጠም። በመኪናው ሞዴል ልክ በማሽን ተቆርጦ ነው የመጣው። ይህን እንድታስተውሉ አደራ እላለሁ፤ ቀለም ላይ የሚያርፍ ምላጭ ዓመታት ቆይቶ ፊልሙ ሲነሳ ነው ጉዱ የሚታየው። እጀታውንና እስፖኪዮውን ፈታ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጠፈ። በሳሙና ውሃ እያንሸራተተ ቦታውን አስያዘ፣ በላስቲክ መጥረጊያ ውሃውን ከመሃል ወደ ዳር ገፋ። ሲያስረክበኝ አንዳንድ ቦታ ትንንሽ የውሃ ኩሬ ይታይ ነበርና ደንግጬ ነበር፤ «ይደርቃል፣ አይንኩት፣ ለአንድ ሳምንትም አያሳጥቡት» አለኝ። እንዳለውም ደረቀ።

ስለ እጥበት ያስተማረኝ ነገር ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። መኪናዬ ላይ ከነበሩት ጭረቶች ብዙዎቹን የሠራሁት እኔው ነበርኩ፣ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ እየጠረግኩ። ጭቃ ውስጥ አሸዋ አለ፤ ጨርቅ ሲጫነው ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። አሁን መጀመሪያ ብዙ ውሃ አፈስበታለሁ፣ ጭቃው ርሶ ራሱ እስኪወርድ እታገሣለሁ፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች። አንዱ ባልዲ ለሳሙናው፣ ሌላው ጨርቁን ለማለቅለቅ። ደፉንና ጎማውን የነካ ጨርቅ በምንም ምክንያት ኮፈን አይነካም። የግፊት ውሃውንም ጠርዝ ላይ አስጠግቼ አልለቅም፤ ፊልሙን የሚያስነሳው እሱ ነው።

እንከን አልነበረም አልልም። ከሁለት ወር በኋላ በቀኝ እስፖኪዮ ላይ አንድ ጥግ ተነሳ። ስወስድለት አየና «የኔ ጥፋት ነው፣ እዚህ ጋ ሳሙናውን በደንብ አላወጣሁትም» አለ። ነቅሎ በአዲስ ተካው፤ ልክፈል ብለው አልተቀበለኝም። ሥራው ቶሎ አይደርስም፣ ቀጠሮውም ይርቃል። ለነገ ጉዞ ዛሬ ይድረስልኝ ለሚል ሰው አይሆንም። መኪናው አስፋልት ላይ ብቻ ለሚውልም ከባምፐርና ከኮፈን አልፎ ይህ ሁሉ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ኮረኮንችና ቁጥቋጦ መሃል ለሚሠራ ግን ከልቤ እጠቁማለሁ።

ያቺን ሦስተኛ ጭረት ላስቀይራት ብዬ ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነበር። በጥፍሩ ዳበሳትና ሳቀ። «ይሄም አያስፈልግዎትም፤ ፊልሙ ሥራውን እየሠራ ነው፣ ቢያንስ ሌላ ቁስል እስኪጨመርበት ይቆይ» ብሎ መለሰኝ።

ስሙንና ስልኩን እሱን ሳላስፈቅድ እዚህ አላወጣም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ከእሱ ጋር አገናኛችኋለሁ። ወንድሜ፣ ይህን ካነበብከው፣ እጅህን ቁርጥማት አይንካው።