ማዕከል ይሠራ ወይስ ቤት ለቤት ይኬድ?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። እንዴት? ወሎ ላይ ሁለት መንገድ ይታየኛል።

አንዱ ደሴ ወይም ወልድያ ላይ የቀን ማዕከል መክፈት ነው። ፊዚዮቴራፒ፣ የዊልቸር ጥገና፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ አንድ ቦታ ይገኛል። ሰው ከሰው ጋር ይጫወታል። ግን ማን ይደርስበታል? ደሴ ራሷ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ከደላንታ የሚመጡ ዓይነ ስውር አዛውንትማ መሪ፣ የመኪና ዋጋና ማደሪያ ይፈልጋሉ።

ሌላው ቤት ለቤት መሄድ ነው። እዚህ ላይ ወሎ ቅሬ የሚባል፣ እንደ እድር ያለ የመረዳጃ ማኅበር አለው። ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ ማን ጧሪ እንዳጣ ቅሬው ከማንም በፊት ያውቃል። ይህን የሚተካ መዝገብ ቀበሌ ውስጥ አላየሁም። ሴፍቲኔት የሚባለው የመንግሥት የድጋፍ ፕሮግራምም መሥራት ለማይችሉ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። ጥሩ ነው፤ ብሩ ግን በሽተኛ አያገላብጥም፣ ገላ አያጥብም። ያንን የምትሠራው ብዙ ጊዜ ልጅ ወይም ምራት ናት፣ ያለ ክፍያ፣ ያለ እረፍት። ዕቅድ አውጪዎች እሷን ሊረሷት አይገባም። ቅሬውንም በነፃ ማሠራት ተገቢ አይደለም።

ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ላይ መደረብም አያዋጣም፤ ሥራቸው ሞልቷል።

እኔ በጀቱ መጀመሪያ ቤት ለቤት ይሂድ እላለሁ። ሠልጥነው ደመወዝ የሚከፈላቸው ተንከባካቢዎች በየቀበሌው ይቀጠሩ፤ ስም ዝርዝሩን ከቅሬው ጋር ያውጡ። ማዕከሉ አነስ ብሎ ይሠራና ባለሙያዎቹ በገበያ ቀን ወደ ወረዳ ከተሞች ይውጡ።