የናዳ ስጋት ካርታ፦ ከሳተላይት ወይስ በእግር?

ሐዋሳ ሜዳው ላይ ለምንኖር የመሬት መንሸራተት የሩቅ ወሬ ይመስላል። ወደ ሲዳማ ደጋ ሲወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከሲዳማ ውጪም፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጎፋ ዞን በናዳ ከ200 በላይ ሰው አልቋል። የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡትንም ሁለተኛ ናዳ ጨመራቸው።

ስጋቱን በካርታ ለማስቀመጥ አንዱ መንገድ ሳተላይት ነው። ተዳፋቱን፣ ዝናቡን፣ የአፈሩን ዓይነት ደራርቦ አገሩን በሙሉ እንደ ስጋቱ መጠን በቀለም ይከፍላል። ፈጣን ነው፣ ርካሽም ነው። ግን በነፃ በሚገኘው የከፍታ መረጃ አንዷ ነጥብ 30 በ30 ሜትር ናት። አንድ ጎጆ ከነጓሮው እዚያ ውስጥ ጥፍት ይላል።

ሌላው በእግር ነው። ባለሙያው ከአገሬው ሽማግሌ ጋር ዳገቱን ይወጣል።

«አባባ፣ ይሄ ስንጥቅ መቼ መጣ?»

የሚፈልገው የናዳ ምልክት ነው፦ ያዘመመ ባሕር ዛፍ፣ ድንገት የደፈረሰ ምንጭ፣ ከእንሰቱ ማሳ በላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ። ይሄን ያ ካርታ አያሳይም። ችግሩ፣ አገር ሙሉ በእግር አይዳረስም።

ደግሞ የሳተላይቱ ስሌት ልክ መሆኑ የሚፈተነው ቀድሞ በተናዱ ቦታዎች መዝገብ ነው። መዝገቡ ከሌለ ቀለሙ ግምት ነው። በጀት ካነሰ እኔ ብሆን፣ ሳተላይቱ ቀይ ያደረጋቸውን ወረዳዎች ብቻ ይዤ የቀረውን ብር ለእግረኛው እሰጣለሁ። ያውም ክረምት ሳይገባ።