ባለ2.5 ጊጋቢት ኔትወርክ ካርዴ ከ9 ወር በኋላ፦ መጀመሪያ ኬብሉን ጠርጥሩ

ይህን ካርድ ከገዛሁት ዘጠኝ ወር ሆኖኛል። ሁለት ፖርት አለው፤ እያንዳንዱ 2.5 ጊጋቢት ነው። የተሰካው ፍሪቢኤስዲ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም በጫንኩበት ሰርቨር ላይ ነው። ሰርቨሩ ቀን ፋይል ያቀብላል፣ ሌሊት ባካፕ ይቀበላል። ካርዱ እረፍት የለውም ማለት ይቻላል።

ስለ መጀመሪያዎቹ አራት ወራት ብዙ የምለው የለም። ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ከሲስተሙ ጋር አብሮ የመጣ ስለሆነ ሰካሁት፣ ሠራ፣ በቃ።

በአምስተኛው ወር አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ ባካፑ ገና አላለቀም። ፍጥነቱን ሳየው በሰከንድ 11 ሜጋባይት ላይ ቆሟል። ከዚያ አይወጣም፣ ከዚያም አይወርድም። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ። ዲስክ ሲደክም ፍጥነቱ ይዋዥቃል። 11 ላይ ድርቅ ብሎ ከቀረ ግን የ100 ሜጋቢት መስመር ጣሪያ ነው (አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው)። ያኔ ይህ አልታየኝም፤ ጥፋቱን በካርዱ ላይ ጣልኩት። ድራይቨር ቀየርኩ፣ ባፈር (ዳታ ተራ የሚጠብቅበትን ቦታ) ጨመርኩ፣ ሰርቨሩን ደጋግሜ አስነሳሁት። ሁለት ምሽት ሙሉ ለፍቼ ጠብ የሚል ነገር አጣሁ።

በሦስተኛው ምሽት የካርዱን ሁኔታ የሚያሳየውን ኢፍኮንፊግ የሚባል ትእዛዝ ከፍቼ ሚዲያ የሚለውን መስመር አነበብኩ። 100 ይላል። ባትሪ ይዤ ከሰርቨሩ ጀርባ ገባሁ። ኬብሉ ጫፍ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ምላስ ተሰብራለች። ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ ኬብሉ በመደርደሪያው ጠርዝ ተጨቁኖ ታጥፏል፤ የታጠፈበት ቦታ ነጣ ብሏል። ጊጋቢትም ሆነ 2.5 ጊጋቢት ስምንቱንም ሽቦ ይፈልጋሉ። ለ100 ሜጋቢት አራት ይበቃል። ከቀሩት አራት አንዷ ሽቦ ስትበጠስ ብዙ ካርዶች መስመሩን ከመዝጋት ይልቅ ፍጥነቱን ወደ 100 ያወርዱታል። መብራቱ ይበራል፣ ፒንግም (ማሽኑ መኖሩን መሞከሪያው ትእዛዝ) ይመልሳል። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ኬብሉን ቀየርኩና አይፐርፍ በሚባል የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ለካሁ፤ 2.35 ጊጋቢት። ፓኬቶቹ (ዳታው ተቆራርጦ የሚላክባቸው ጥቅሎች) ለራሳቸው አድራሻና ክፍተት የሚወስዱት ሲቀነስ ከ2.5 የሚተርፈው ይኸው ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፦ ፍጥነቱን በእጅ አትወስኑ። አንዱ ወገን በእጅ 100 ፉል ዱፕሌክስ (መላክና መቀበል በአንድ ጊዜ) ሆኖ ሌላው በአውቶ ከቀረ፣ አውቶው ሃፍ ዱፕሌክስ (በተራ ብቻ) ይይዛል። ከዚያ በኋላ ግጭት ብቻ ነው።

በሰባተኛው ወር ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ። ፍጥነት ልጨምር ብዬ ኤምቲዩውን (የአንድ ፓኬት ትልቁን መጠን በባይት) በሁለቱም ማሽኖች ላይ 9000 አደረግኩት። መሃል ሆኖ ማሽኖቹን የሚያገናኘውን ሳጥን፣ ስዊቹን፣ ረሳሁት፤ እሱ ያን ያህል ትልቅ ፓኬት አያሳልፍም ነበር። በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ ማሽን ማዘዣ) እገባለሁ፣ አጫጭር ትእዛዞች ይሠራሉ፤ ትልቅ ፋይል ለመላክ ስሞክር ግን ቀጥ ይላል። ፓኬት እንዳይቆራረጥ ከልክዬ በ8972 ባይት ፒንግ ሳደርግ መልስ የለም። በ1472 ወዲያው መለሰ። ወደ 1500 መለስኩትና ተገላገልኩ። ቢሳካ እንኳ የሚገኘው ጭማሪ 5 በመቶ አካባቢ ነው። ለኔ ያን ያህል አይለፋበትም።

ካርዱ ላይ ያለኝ እውነተኛ ቅሬታ አንድ ነው። ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በሁለተኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ አንድ ሌን (አንድ የዳታ መስመር) ብቻ ነው። ያ ደግሞ ቢበዛ 4 ጊጋቢት ነው የሚያሳልፈው። ሁለቱ ፖርቶች በአንድ አቅጣጫ አብረው ሲሞሉ 5 ይፈልጋሉ፤ አይበቃቸውም። ለአንድ ፖርት ሥራ ይህ ችግር አይሆንም፣ እኔም መልሼ እገዛዋለሁ። ሁለቱንም እኩል ልታስጨንቁ ካሰባችሁ ግን ባለሁለት ወይም ባለአራት ሌን ፈልጉ።

አሁን በየሳምንቱ ኔትስታት (የኔትወርኩን ቆጠራ የሚያሳየውን ትእዛዝ) ከፍቼ የስህተቱን ዓምድ አያለሁ። ኬብሉን ከቀየርኩ ወዲህ ዜሮ ነው።