ብርጭቆ፣ የማይዝግ ብረት ወይስ ፕላስቲክ? የምግብ ማስቀመጫ ሲገዙ ክዳኑን ይመርምሩ

የምግብ ማስቀመጫ የሚገዛ ሰው ዕቃውን አንሥቶ ያገላብጣል፣ ውፍረቱን ያያል። ክዳኑን የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። እኔ ቤት ክዳን አልባ ሆነው የተቀመጡ ሦስት የብርጭቆ ዕቃዎች አሉ፤ አንድም ጭረት የላቸውም። የክዳናቸው መቆለፊያ ጆሮ ተራ በተራ ተሰብሮ ነው ከሥራ የወጡት። ክዳን ብቻ ልግዛ ብዬ ብጠይቅ «ለብቻው አይሸጥም» ተባልኩ። ብዙ ዓመት ሊያገለግል የሚችል ዕቃ በአንዲት ስስ ፕላስቲክ ምክንያት ሲጣል ያንገበግባል። ስለዚህ ብርጭቆን፣ የማይዝግ ብረትንና ፕላስቲክን ሳነጻጽር መለኪያዬ አንድ ነው፦ ቆሻሻ ለመሆን የሚዘገየው የትኛው ነው?

ፕላስቲክ ቀላል ነው፣ ቢወድቅ በቀላሉ አይሰበርም፣ ዋጋውም ዝቅ ይላል። ደካማነቱ የሚታየው ትኩስና ቅባት ያለው ምግብ ሲገባበት ነው። የቲማቲም ስጎ ያደረበትን ዕቃ ደጋግመው ቢያሹት እንኳ ቅላቱ አይለቅም፤ የቲማቲም ቀለም በቅባት የሚሟሟ በመሆኑ ወደ ፕላስቲኩ ይሰርጋል። ከዕቃው ሥር ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ካዩ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ለምግብ ማስቀመጫ ከተለመዱት ፕላስቲኮች ሙቀትን በተሻለ የሚችል ነው። 7 ቁጥር ልዩ ልዩ ዓይነቶችን ያጠቃልላል፤ ከእነርሱ አንዱ ፖሊካርቦኔት ሲሆን የሚሠራውም ቢስፌኖል ኤ ከተባለ ኬሚካል ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ይህ ኬሚካል ምግብ በሚነካቸው ዕቃዎች ላይ እንዲታገድ ወስኗል። ብዙዎች ሦስት ማዕዘኑን ዕቃው ተመልሶ እንደሚመረት ማረጋገጫ አድርገው ያዩታል፤ ምልክቱ የሚናገረው ግን የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው።

ብርጭቆ ሽታም ቀለምም አይዝም። ከሁሉ በላይ የምወድለት ግን ውስጡን ማሳየቱን ነው፤ የተረፈው ሾርባ ማቀዝቀዣውን በከፈቱ ቁጥር ዓይንዎ ላይ ስለሚመጣ ተረስቶ አይበላሽም። ሲገዙ «ቦሮሲሊኬት» የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ። ይህ ብርጭቆ ሲሞቅ የሚለጠጠው የተራው ብርጭቆ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥን በተሻለ ይቋቋማል። ቢሰበር ግን ቀልጠው ተመልሰው ከሚመረቱ ተራ ጠርሙሶች ጋር አይቀላቅሉት፤ የሚቀልጥበት ሙቀት ስለሚለይ አብሮ አይቀልጥም።

የማይዝግ ብረት ለመንገደኛ ነው። ቢወድቅ ይጎደጉዳል እንጂ አይሰነጠቅም፤ የጎደጎደውም ሥራውን ይቀጥላል። «18/8» የሚለው ምልክት 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል እንዳለው ይገልጻል። ማይክሮዌቭ ውስጥ ግን አይገባም፤ ውስጡም አይታይም። ያበሰሉበትን ቀን ጽፈው ካልለጠፉበት ምግቡ ተረስቶ ይበላሻል።

እንግዲህ ወደ ክዳኑ። በጠርዙ ዙሪያ ያለችውን የሲሊኮን ቀለበት በማንኪያ እጀታ ፈልቅቀው ያውጧት። የማትወጣ ከሆነ ዕቃውን አይግዙ፤ ከሥሯ የሚሰበሰበው ጥቁር ሻጋታ በምንም አይታጠብም። ከወጣች ደግሞ መለዋወጫዋም ሆነ ክዳኑ ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ይጠይቁ። መጠናቸው የተለያየ አሥር ዕቃ በአንድ ካርቶን ከመግዛት አፋቸው እኩል የሆነ አራት ቢገዙ ይሻላል፤ የአንዱ ክዳን ቢሰበር የሌላው ይገጥማል።

የእኔ ምርጫ ለቤት ብርጭቆ፣ ለጉዞ ብረት ነው። አዲስ ፕላስቲክ አልገዛም፤ ቤት ያለውን ግን አውጥቼ አልጥልም። ደኅናውን ፕላስቲክ ጥሎ በቦታው ብርጭቆ መግዛት ሌላ ብክነት ነው። ምግብ መያዝ ሲያቅተው አዝራርና ምስማር ይይዛል።

ምንም መግዛት የማያስፈልግበትም ጊዜ አለ። ማርማላታ ያለቀበት ጠርሙስ የሚጠመዘዝ የብረት ክዳን ስላለው ጥሬና ቅመም ለማስቀመጥ ይበቃል። በረዶ ቤት የሚያስገቡት ከሆነ አፉና ሆዱ እኩል የሆነውን ይምረጡና ከላይ ሁለት ጣት ያህል ባዶ ይተዉለት፤ ውኃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ እስከ አፉ የተሞላ ጠርሙስ ይፈነዳል።