ሲኤንሲ ራውተር ያላችሁ፣ በማስረዘሚያ ኪት እንዳትሸወዱ

ትንንሽ ሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቀርጽ ማሽን) ያላችሁ ሁሉ፣ በተለይ 3018 የሚባለውን የምትጠቀሙ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። «ወፍራም እንጨት ቁረጡ፣ የማሽናችሁን ቁመት እጥፍ አድርጉ» እየተባለ ኦንላይን የሚሸጥ የጋንትሪ (መቁረጫውን ከጠረጴዛው በላይ የተሸከመው ድልድይ መሰል ክፍል) ማስረዘሚያ ኪት አለ። ገዝቼው ገጥሜዋለሁ። የተባለውን አያደርግም። እኔ ዘንድ የደረሰው ብቻ ተበላሽቶ ይሆናል እንዳትሉ፤ ዕቃው ሲሠራ ጀምሮ የተባለውን ማድረግ አይችልም።

ካርቶኑ ውስጥ ያለው ይህ ነው። ከጋንትሪው ሁለት እግሮች ሥር የሚገቡ የአክሪሊክ ቁራጮች፣ ረዘም ያለ የዜድ (የላይና ታች እንቅስቃሴ) ጠመዝማዛ ዘንግ፣ ጥቂት ብሎንና ዳዶ። በቃ። የአገጣጠም ወረቀት እንኳ የለውም። ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ አሉሚኒየም የሚመስል ግራጫ ነገር ያሳያል። ከምን እንደተሠራ ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም።

ማስታወቂያው ሁለት የተለያዩ ልኬቶችን እንደ አንድ አድርጎ ነው የሚሸጠው። አንደኛው ከጋንትሪው ሥር ያለው ክፍተት ነው። ምን ያህል ወፍራም ዕቃ እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ነው። ሁለተኛው የዜድ ጉዞ ነው፤ ማለትም ስፒንድሉ (መቁረጫውን የሚያሽከረክረው ሞተር) ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ርቀት። በ3018 ማሽኖች ይህ ጉዞ በአብዛኛው ከ40 እስከ 45 ሚሊሜትር ነው። ኪቱ የሚጨምረው ክፍተቱን ብቻ ነው። ጋንትሪውን 60 ሚሊሜትር ስታነሱት ስፒንድሉም አብሮት 60 ሚሊሜትር ይወጣል። የሚሄደው ርቀት ግን ያው የድሮው ነው። ስለዚህ በፊት ያለ ችግር ትቀርጹት የነበረውን 5 ሚሊሜትር ሰሌዳ አሁን መቁረጫው አይደርስበትም፤ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ካልደረደራችሁ በቀር።

«ረጅም ዘንግ አብሮ መጥቶ የለ እንዴ?» ትሉ ይሆናል። መጥቷል። ግን ስፒንድሉ የሚንሸራተትባቸው ሁለቱ ለስላሳ ዘንጎች አልተቀየሩም። እነሱ ካልረዘሙ ጠመዝማዛው ቢረዝም ትርፉ በላይ በኩል ወጥቶ መቆም ብቻ ነው።

መቁረጫውም ቦታ ይበላል። 80 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው እንጨት አስገብታችሁ፣ መቁረጫው ከኮሌቱ (መቁረጫውን ጨብጦ ከሚይዘው ክፍል) 30 ሚሊሜትር ወጥቶ ከሆነ፣ ከኮሌቱ እስከ ጠረጴዛው ቢያንስ 110 ሚሊሜትር ያስፈልጋችኋል። እንጨቱን ሳይነካ በላዩ እንዲያልፍ ደግሞ ጥቂት ይጨመርበት። ይህን ሒሳብ የሚሠራ ማስታወቂያ አላየሁም።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን ስለ ጥንካሬ አንድ ቃል አለመነገሩ ነው። የጋንትሪው እግሮች ከታች ብቻ የታሰሩ ናቸው። መቁረጫው እንጨቱን ሲገፋ እንጨቱም መልሶ ይገፋዋል፤ እግሮቹም ይታጠፋሉ። እንዲህ ያለ እግር የሚታጠፈው መጠን ከቁመቱ ኪዩብ (ቁመት × ቁመት × ቁመት) ጋር ነው የሚያድገው። ቁመቱ ከ100 ወደ 160 ሚሊሜትር ከፍ ቢል፣ በዚያው ቁስና በዚያው ውፍረት፣ መታጠፉ 4 እጥፍ ይሆናል። ያውም የተጨመረው ክፍል እንደ ቀሪው ጠንካራ ቢሆን ነው! አክሪሊክ ከአሉሚኒየም ጋር ሲነጻጸር ከ20 ጊዜ በላይ ይለመጣል። በብሎን ጠበቅ ሲደረግም ከቀዳዳው ጀምሮ ይሰነጠቃል። በ3ዲ ፕሪንተር በፒኤልኤ ፕላስቲክ የታተመውም ብዙ አይሻልም፤ ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ይለሰልሳል፣ የሚሞቅ ሞተር አጠገብ ደግሞ ማመን ይከብዳል።

ውጤቱ በዓይን ይታያል። ክቡ ሞላላ ይወጣል። ጠርዙ ላይ የንዝረት ምልክት ይታተማል። ድምፁ ያስፈራል። ወደ ጥልቅ ቦታ ለመድረስ ብላችሁ ረጅም መቁረጫ ካሰራችሁ ደግሞ ይብሳል። መቁረጫውም በዚያው ሕግ ነው የሚታጠፈው፤ ከኮሌቱ የወጣው 20 የነበረው 40 ሚሊሜትር ከሆነ መታጠፉ 8 እጥፍ ነው። 3.175 ሚሊሜትር የሆነ ቀጭን መቁረጫ ይህን አይችልም። ሲሰበር ስባሪው ወዴት እንደሚበር አይታወቅም። መነጽር ሳታደርጉ አጠገቡ አትቁሙ።

አሁን ወደ አደገኛው ነገር ልምጣ። አብሮ የመጣው ጠመዝማዛ ዘንግ ከማሽኔ ዘንግ ጋር አንድ አልነበረም። የኔው በአንድ ዙር 4 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ የመጣው 8። ውፍረታቸው እኩል ስለሆነ በዓይን አይለዩም። ጂአርቢኤል የሚባለውን የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌር በሚጠቀሙ ማሽኖች 102 ቁጥር ሴቲንግ ለዜድ በሚሊሜትር ስንት ስቴፕ (የሞተሩ ትንሽ እርምጃ) እንደሚያስፈልግ ይይዛል። ሞተሩ በዙር 200 ስቴፕ፣ ድራይቨሩ (ሞተሩን የሚነዳው ሰርኪት) እያንዳንዱን ስቴፕ ለ16 ማይክሮስቴፕ የሚከፍል ከሆነ፣ ለ4 ሚሊሜትር ዘንግ 800፣ ለ8 ደግሞ 400 መሆን አለበት። ሴቲንጉ 800 ላይ ከቀረ «1 ሚሊሜትር ውረድ» ሲባል 2 ይወርዳል። መቁረጫውን እንጨቱ ውስጥ ሰክቶ ይሰብረዋል። ሻጩ ይህን አልተናገረም። ከመግጠሜ በፊት ሁለቱን ዘንጎች ስለለካሁ ነው ያወቅሁት። እናንተም ለኩ። ዘንጉ ላይ በማርከር ምልክት አድርጉ፣ አንድ ሙሉ ዙር በእጅ አዙሩ፣ ዳዶው ስንት ሚሊሜትር እንደሄደ እዩ።

ለሻጩ ጻፍኩ። «ማሽን ላይ የተገጠመ ዕቃ አንመልስም» አለኝ። የዜድ ጉዞው ስንት እንደሆነ ደጋግሜ ብጠይቅም መልስ የለም። ዝም!

ስለዚህ መግዛት ካሰባችሁ መጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቁ። ከተገጠመ በኋላ የዜድ ጉዞው ስንት ሚሊሜትር ነው? ቁሱ ምንድን ነው፣ ውፍረቱስ? ለስላሳዎቹ ዘንጎች አብረው ይመጣሉ? ጠመዝማዛው በዙር ስንት ይሄዳል? የስፒንድሉና የሊሚት ስዊቹ (የጉዞው ጫፍ ላይ መድረሱን የሚያሳውቀው ማብሪያ) ገመድ ይደርሳል ወይስ መቀጠል አለበት? በግልጽ ካልመለሰ ተዉት።

ወፍራም ዕቃ መሥራት የግድ ከሆነስ? ብዙ ጊዜ ጋንትሪውን ከማንሳት ጠረጴዛውን ዝቅ ማድረግ ይሻላል፤ እግሮቹ አጭርና ጠንካራ እንደሆኑ ይቀራሉ። ጋንትሪው የሚንቀሳቀስ፣ ጠረጴዛው የቆመ ማሽን ካላችሁ ጠረጴዛው ላይ መስኮት ከፍታችሁ ዕቃውን ከሥር ማሰር ትችላላችሁ። በ3018 ላይ ጠረጴዛው ራሱ ስለሚሄድ ይህ አይመችም። እዚያ ከላይ የታሰረውን መሥዋዕት ጣውላ (መቁረጫው ጠረጴዛውን እንዳይነካ የሚነጠፈውን) አንሱ፣ ስፒንድሉን መያዣው ውስጥ ወደ ላይ ሳቡት፣ አጭር መቁረጫ ተጠቀሙ። ቅርጹ ጥልቅ ከሆነ ሞዴሉን በሶፍትዌር ንብርብር አድርጋችሁ ከፋፍሉት፣ እያንዳንዱን ለየብቻ ቁረጡ፣ በፒን አስተካክላችሁ በሙጫ አጣብቁት። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ንጹሕ ሥራ ይወጣል። የግድ ጋንትሪው ይነሳ ካላችሁ ከሥር ቁራጭ አትደራርቡ። ሙሉ እግሩን ከአንድ ወፍራም አሉሚኒየም አሠሩት፣ ሁለቱን እግሮች ደግሞ ከኋላ በሰሌዳ እሰሯቸው። ውፍረቱን እጥፍ ማድረግ ጥንካሬውን 8 እጥፍ ያደርገዋል።

ኪቱን ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ገና አትግጠሙት። ካርቶኑን ስትከፍቱ ፎቶ አንሱ፣ የአክሪሊኩን ውፍረት በካሊፐር ለክታችሁ ልኬቱን በፎቶ ያዙ፣ የማስታወቂያውን ገጽ ስክሪንሾት አድርጉ። ሻጮች ከቅሬታ በኋላ ጽሑፉን ሊቀይሩት ይችላሉ። ከዚያ በገዛችሁበት ኦንላይን ገበያ የቅሬታ ማቅረቢያ «ከማስታወቂያው ጋር አይመሳሰልም» ብላችሁ አመልክቱ። ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ይሁን።