ሆሚ ወይስ የእጅ አካፋ?

ሆሚ የኮሪያ ገበሬዎች የእጅ መኮትኮቻ ነው፤ ስለቱ እንደ ወፍ መንቁር ወደ ያዡ ታጥፏል። የእጅ አካፋ ሲገፉት ይሠራል፣ ሆሚ ሲስቡት። ልዩነቱ የሚታወቀው አረም ላይ ነው። ሹል ጫፉን ከአረሙ ሥር አጠገብ ሰክተው ሳብ ሲያደርጉት ሥሩ ተያይዞ ይወጣል፤ በሰፊው ጎኑ ደግሞ ለተክሉ አፈር ያስታቅፋሉ። በኮሪያ የባሕር ዳርቻ ሴቶች ከጭቃ ውስጥ ዛጎል የሚለቅሙትም በዚሁ ነው!

ችግኝ ከነአፈሩ አንሥቶ ለማዛወር ግን አካፋ ይሻላል፤ ሆሚ አፈር አይዝም።

አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ሆሚን እመርጣለሁ፤ ያውም በዮንግጁ ከተማ እንደሚሠራው፣ ብረቱ በእሳት ግሎ የተቀጠቀጠውን። ግራኝ ከሆናችሁ ስትገዙ ጠይቁ፤ ስለቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚያዘም የግራኝ ሆሚ ለብቻው አለ።